የዱባይ የምሽት የበረሃ ጉዞ፦ የጋራውን፣ የጥበቃ ክልሉን ወይስ በግመል የሚኬደውን?

ዱባይ ውስጥ የምሽት የበረሃ ጉዞ የማይሸጥ የጉዞ ወኪል የለም ማለት ይቻላል። ዴራና ናይፍ አካባቢ በእግሩ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ወረቀት ይታደለዋል፤ ሆቴሉ ሲገባም እንግዳ መቀበያው ላይ ሌላ ወረቀት ተደርድሮ ያገኛል። ሁሉም ላይ የሰፈረው አንድ ዓይነት ነው፤ ላንድክሩዘር፣ ግመል፣ ሂና፣ እራት፣ ጭፈራ። ዋጋው ግን ከ100 ድርሃም በታች ጀምሮ ከ500 በላይ ይዘልቃል። ሰውም «ያው አንድ ነገር ከሆነ ለምን ውዱን?» ብሎ ርካሹን ይይዛል።

አንድ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም እንጂ ቦታው ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ግመሉ ላይ የምትቆዩት ስንት ደቂቃ ነው? እራቱን አብሯችሁ የሚበላው ሠላሳ ሰው ነው ወይስ አምስት መቶ? መኪናው አሸዋው ላይ የሚሄደው እንዴት ነው? የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ለጓደኞች ቡድን ግሩም የሆነው ጉዞ፣ ከአገር ቤት ለመጡ እናት ሥቃይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ይዛችሁ የምትሄዱትን ሰው አስቡ።

በብዛት የሚሸጠው የላህባብ የጋራ ጉዞ

ላህባብ ወደ ሃታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት የሚገኝ ቀይ አሸዋ ያለበት በረሃ ነው። አሸዋውን ያቀላው በውስጡ ያለው ብረት ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀለሙ ይበልጥ ይደምቃል፤ ፎቶ ላይ የምናየው አብዛኛው የዱባይ በረሃም ይኸው ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከሆቴል ይወስዷችኋል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ይመልሷችኋል። አንድ መኪና ላይ ስድስት ወይም ሰባት ሰው ይጫናል።

ሾፌሩ ከአስፋልቱ እንደወጣ ይቆምና የአራቱንም ጎማ አየር ያስተነፍሳል። የለሰለሰ ጎማ አሸዋውን በሰፊው ስለሚረግጥ አይሰምጥም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ገደማ መውጣትና መውረድ ነው፤ መኪናው ቁልቁል ሲንሸራተት በአንድ ጎኑ ያዘነብላል፣ አሸዋው መስኮቱን ይሸፍነዋል፣ ኋላ ያሉት ይጮኻሉ። ወጣቶች የሚከፍሉት ለዚህ ነው፤ ዋጋውንም ያወጣል። ነፍሰ ጡር፣ የወገብ ወይም የአንገት ሕመም ያለበት፣ ልብ ሕመምተኛ እና ሕፃን ግን እዚህ መኪና ውስጥ መግባት የለባቸውም። ሻጩ «ቀስ ብለን እንነዳለን» ቢልም አትመኑ፤ የጋራ መኪና ውስጥ ሾፌሩ የሚሰማው ደስታ የሚፈልጉትን አምስቱን እንጂ የፈሩትን አንዷን እናት አይደለም። ለሌሎቻችሁም ምሳ ቀለል ቢል ይሻላል። ክትፎ በልቶ እዚያ መኪና ውስጥ የገባ ሰው ይፈተናል።

ካምፑ ሲደረስ ግመሉ አለ። አለ ስል ግን፣ ተሰልፋችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ፣ ትወጣላችሁ፣ ግመል ሳቢው አጭር ዙር ያዞራችኋል፣ ትወርዳላችሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው። ለፎቶ ይበቃል፣ ለሌላ አይበቃም። ግመል ሲነሣ የኋላ እግሩን ስለሚያስቀድም ኮርቻው ላይ ያለ ሰው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ እጀታውን አጥብቆ መያዝ ነው። ሲንበረከክ ደግሞ የፊት እግሩን ስለሚያጥፍ ያው ወደ ፊት መወርወር እንደገና ይመጣል፤ ብዙ ሰው «በቃ አለቀ» ብሎ እጁን የሚለቀው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቡፌ እና መድረክ ነው። ታኑራ የሚባለው ቀሚስ ለብሶ የመሽከርከር ጭፈራ፣ የሆድ ዳንስ፣ የእሳት ትርኢት። ታኑራ የግብፅ ነው፤ የሆድ ዳንሱም ከዚያው ወገን የመጣ እንጂ የኤምሬቶች ባህል አይደለም። ይህን የምለው ትርኢቱን ለማጣጣል ሳይሆን «የአገሩን ባህል አያለሁ» ብሎ የሚከፍል ሰው ሌላ ቦታ መሄድ ስላለበት ነው። የኤምሬቶች የራሳቸው ጨዋታ አያላ ይባላል፤ ወንዶች በሁለት መስመር ፊት ለፊት ቆመው፣ ቀጭን በትር ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ ግጥም የሚቀባበሉበት ነው። ዩኔስኮ በ2014 መዝግቦታል። ትልልቆቹ የላህባብ ካምፖች ላይ ብዙ ጊዜ አታገኙትም።

ርካሹ ዋጋ ውስጥ የማይካተተውንም እወቁ። ባለ አራት ጎማው ሞተር ሳይክል፣ ኳድ የሚሉት፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ለብቻው ይከፈላል። ወደ አሸዋው ከመግባታችሁ በፊት ሾፌሩ ሱቅ በር ላይ ያቆማችኋል፤ እዚያ ሻርፑን ራሳችሁ ላይ ጠምጥመው ካሳመሩ በኋላ ነው ዋጋውን የሚነግሯችሁ። ከጭልፊት ጋር የሚነሡት ፎቶም እንዲሁ። በጣም ርካሽ የሆኑት ጉዞዎች ደግሞ ላንድክሩዘር የሌላቸው ናቸው፤ በአውቶቡስ በቀጥታ ካምፕ ያደርሳሉ። መውጣትና መውረዱን ለማይፈልግ ሰው እንደ ጉድለት ላይቆጠር ይችላል፤ ያልጠበቀው ግን ይናደዳል።

ቪአይፒ ወይስ የግል መኪና?

እዚያው የላህባብ ጉዞ ላይ ሁለት ዓይነት ጭማሪ ይሸጣል። ቪአይፒ የሚባለው መድረኩ አጠገብ የተሻለ መቀመጫ ሰጥቶ ምግቡን ጠረጴዛችሁ ድረስ ያመጣል። ካምፑ ያው ነው፣ ግመሉ ያው፣ ድምፅ ማጉያውም ያው፤ እንዲያውም ወደ ድምፅ ማጉያው ትቀርባላችሁ። እኔ ብሆን ለዚህ አልከፍልም። የግል መኪና ግን ሌላ ነገር ነው። ሾፌሩ የእናንተ ብቻ ስለሚሆን «ቀስ በል» ስትሉት ቀስ ይላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ «እዚህ ጋ አቁምልን» ስትሉት ያቆማል፣ ልጅ ሲደክመው ከትርኢቱ በፊት ይመልሳችኋል። ዋጋው በመኪና እንጂ በሰው ስላልሆነ፣ አምስት ስድስት ሆነው የሚሄዱ ቤተሰቦች ሲካፈሉት ከጋራው ብዙም አይርቅም።

የጥበቃ ክልሉ

ሌላው ዓይነት ጉዞ የሚደረገው የዱባይ የበረሃ ጥበቃ ክልል ውስጥ ነው። ስፋቱ 225 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዱባይ ጠቅላላ መሬት 5 በመቶ ገደማ። እንግዳ ይዘው የመግባት ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ጥቂት ስለሆኑ ሰው አይበዛም፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። አዋሽ ፓርክ ውስጥ ሳላ ያየ ሰው እዚህ የዓረቢያውን ዘመዱን ያገኘዋል፤ ነጭ ነው፣ ቀንዱ ቀጥ ብሎ የረዘመ። ይህ እንስሳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዱር ጨርሶ ጠፍቶ፣ በግቢ ከተጠበቁት ተራብቶ ወደ በረሃው የተመለሰ ነው። ሁለት ሦስት ሆነው አሸዋው ላይ ሲሻገሩ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ያያል። በላህባብ ይህ የለም።

ከድርጅቶቹ አንዳንዶቹ አሸዋ ላይ መፈንጨቱን ሙሉ በሙሉ ትተውታል። ፕላቲነም ሄሪቴጅ የሚባለው ለምሳሌ በ1950ዎቹ የተሠሩ ክፍት ላንድሮቨሮችን ነው የሚጠቀመው፤ ዓላማው አካባቢውን ማሳየት እንጂ ማስጮህ አይደለም። ምግቡም ወደ አገሩ ያደላል፤ ስስ ዳቦ ረጋግ እንደ እንጀራ በጋለ ምጣድ ላይ ሲጋገር እዚያው ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ቡናው በሄል ተፈልቶ ከቴምር ጋር ይቀርባል።

ከአገር ቤት እናት ወይም አባት መጥተውላችሁ ከሆነ ገንዘቡን አጠራቅማችሁ ይህን ያዙላቸው። ተቀምጠው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ቡናውን ከራሳቸው ቡና ጋር ያነጻጽራሉ። ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ለሃያ ዓመት ልጅ ግን «ፀጥታው አሰለቸኝ» ሊያስብል ይችላል፤ እሱን ከጓደኞቹ ጋር ላህባብ ስደዱት።

ለግመሉ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ

ግመል መቀመጥ ዋናው ፍላጎታችሁ ከሆነ ከላይ ካሉት ብዙዎቹ አያጠግቧችሁም። በግመል እስከ ካምፑ የሚወስድ ጉዞ ለብቻው ይሸጣል፤ ግመሎቹ በገመድ ተያይዘው፣ ሳቢው ፊት ፊት በእግሩ እየሄደ፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በአሸዋው ላይ ትጓዛላችሁ። ካምፑ የምትደርሱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ደናክል የሄደ ሰው የአፋር ጨው ጫኝ ግመሎችን ረጅም ሰልፍ አይቶ ይሆናል፤ እዚያ ግመሉ ጨው ይሸከማል፣ ሰው ከጎኑ በእግሩ ይሄዳል፤ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ያንን እርጋታ ኮርቻው ላይ ሆናችሁ ታገኙታላችሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጭናችሁ ውስጡን እንደሚሰማችሁ ግን ልንገራችሁ። ሰፊ ሱሪ ልበሱ፤ ቀሚስ ለዚህ አይሆንም። ልጆች አንድ ግመል ላይ ከወላጅ ጋር ይቀመጡ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እራቱና ጾሙ

የእኛ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ሌሎች የማይጠይቁት ጥያቄ አለው፤ የሚሸጥልን ሰውም አይገምተውም። ካምፕ ላይ የሚቀርበው ሥጋ ሁሉ የእስላም ሥጋ ነው። ያን የማይበላ ኦርቶዶክስ፣ ወይም ረቡዕና ዓርብ የሚሄድ ጾመኛ፣ «ቬጀቴሪያን አለ?» ብሎ መጠየቁ ብቻ አያድነውም፤ አዎ ይሉታል፣ ግን ሩዙ በቅቤ ይሠራል፣ ከባዝንጁኑ ሰላጣ አንዳንዱ እርጎ ይገባበታል። «እርጎ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል የሌለበት» ብላችሁ ዘርዝራችሁ አስጽፉ። ሁሙስ፣ ታቡሌ፣ ፋላፍል፣ ፉል እና ዳቦ ካሉ ጾመኛው አይራብም። በዚህ በኩል ትልቁ የላህባብ ቡፌ ይሻላል፤ ምግቡ ብዙ ዓይነት ስለሆነ የሚመረጥ አይጠፋም። ትንሹ ካምፕ ላይ ምግቡ አስቀድሞ ስለሚወሰን ካልተነገራቸው የሚቀርብላችሁ ትንሽ ነው።

ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ካምፑ መጠጥ ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ይሸጣል። መግሪብ የሚደርሰው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማለትም ሁሉም ለፎቶ በሚሯሯጥበት ሰዓት ስለሆነ የሶላት ቦታ የት እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ከመጠጥ ርቆ መዋል የሚፈልግ ሰው የሻርጃን በረሃ መሊሃን ይይ፤ ሻርጃ ውስጥ መጠጥ ክልክል ነው። መሊሃ ሌላም ነገር አለው። በአቅራቢያው ጀበል ፋያ ላይ ከ120 ሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ያገኟቸው ተመራማሪዎች ከእኛ ወገን፣ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የሄዱ ሰዎች እንደሠሯቸው ነው የሚያስቡት። ጭፈራ ሳይሆን ከዋክብት እያዩ የሚያመሹበት ቦታ ነው።

በረመዳን ጭፈራውና ሙዚቃው በብዙ ካምፖች ይቆማል፤ ዋጋውም የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም በሚገጣጠሙባቸው ዓመታት ጸጥ ያለ ምሽት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ትርኢቱን ለማየት ለሚሄድ ግን ገንዘቡ ይባክናል።

መቼ፣ በስንት ሰዓት

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው የሚመረጠው። ማታ በረሃው ስለሚበርድ ጃኬት ያስፈልጋል፤ ለእናት ጋቢ ይያዝላቸው። ክረምታችን እነሱ ጋ የሚያቃጥል በጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በዚያ ወቅት የግመሉን ረጅም ጉዞ ማንም አይያዝ።

ፀሐይ በታኅሣሥ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በሰኔ ደግሞ ከ1 ሰዓት በኋላ። ወኪሉ «3:00» ብሎ ከጻፈላችሁ በእኛ 9 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሰዓቱንም በአንድ ሰዓት ማስቀደም አለበት። የበረራችሁ ቀን ላይ ይህን ጉዞ አትያዙ፤ መመለሻው በመንገድ መጨናነቅ ይዘገያል።

ሰው ቤት የምትሠሩና በዕረፍት ቀናችሁ የምትወጡ እህቶች አንድ ነገር አስተውሉ። መመለሻው 3 ሰዓት ነው ቢባልም ሆቴል ለሆቴል ሰው እያወረደ ሲዞር 4 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የመግቢያ ሰዓት ካለባችሁ የግል መኪና ተሰባስባችሁ ያዙ፣ ወይም መጀመሪያ የሚወርደው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከሻርጃ ወይም ከአቡዳቢ የምትነሡም መውሰጃው ተጨማሪ ያስከፍል እንደሆነ አረጋግጡ።

ስትይዙ በዋትስአፕ፣ በጽሑፍ፣ እነዚህን ጠይቁ። ግመሉ ላይ ስንት ደቂቃ ነው? ካምፑ ስንት ሰው ይይዛል? አሸዋ ላይ መንዳት አለበት ወይስ የለበትም? 5 በመቶው ቫት ዋጋው ውስጥ አለ? ብንሰርዝ ገንዘቡ ይመለሳል? ከዱባይ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፈቃድ አላችሁ? ደህና ሻጭ በቁጥር ይመልሳል። ፎቶና ቪዲዮ ብቻ እየላከ ቁጥሩን የሚዘለውን ትታችሁ ወደ ሌላው እለፉ፤ ሻጭ እንደሆነ ዱባይ ውስጥ አይጠፋም።