ታብሌት ወይስ ኢ-ሪደር? ሁለቱንም ለወራት ካነበብኩባቸው በኋላ

መጽሐፍ ለማንበብ የትኛውን ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ እኔም ጥያቄ አለኝ። የምታነበው ምንድን ነው? ልቦለድ፣ ታሪክ፣ የሕይወት ታሪክ ከሆነ ኢ-ሪደር (ለመጽሐፍ ንባብ ብቻ የተሠራ መሣሪያ) ግዛ እለዋለሁ፣ ያለ ምንም ማመንታት። አብዛኛው ንባብህ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ገንዘብህን ታብሌት ላይ አውለው።

እኔ ባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደርና ባለ 10 ኢንች ታብሌት አለኝ። ወራት አልፈዋል፤ ሁለቱም ከእጄ አልወጡም። ረጅም መጽሐፍ ስጀምር ግን እጄ የሚሄደው ወደ ትንሿ ነው።

ዋናው ምክንያት ስክሪኗ ነው። ኢ-ኢንክ በሚባለው ስክሪን ውስጥ የፀጉር ውፍረት የሚያህሉ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በየከረጢቱ ነጭና ጥቁር ብናኞች ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው አንደኛው ቀለም ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ገጹ አንዴ ከተሠራ በኋላ ባለበት ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ባትሪው ሳምንታት የሚቆየውም ለዚህ ነው። አምራቾች "ሳምንታት" ሲሉ ብዙ ጊዜ በቀን ግማሽ ሰዓት ንባብ አስልተው መሆኑን ግን እወቁ። እንደ እኔ ረጅም ሰዓት የሚያነብ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል። ያም ሆኖ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ከሚሠራ ታብሌት ጋር አይወዳደርም።

ፀሐይ ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ታብሌቱ ፊቴን መልሶ ያሳየኛል፤ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ብጨምረውም ፊደሉን ማየት ትግል ነው። ኢ-ኢንክ ግን እንደ ወረቀት የውጭውን ብርሃን ስለሚመልስ ብርሃን በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይጠራል። ማታ ደግሞ በስክሪኑ ጠርዝ ያሉ ትንንሽ መብራቶች ገጹን ከላይ ያበሩታል።

ስለ እንቅልፍ ብዙ ይወራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነ አንድ የታወቀ ጥናት 12 ሰዎችን ከመኝታ በፊት አንዴ በአይፓድ፣ አንዴ በወረቀት መጽሐፍ አስነብቧል። በአይፓድ ሲያነቡ እንቅልፍ የወሰዳቸው ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነበር። የአይፓዱ ብርሃን የተለካው እስከ መጨረሻው ተጨምሮ እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። በጥናቱ ውስጥ በኢ-ኢንክ ስክሪን ያነበበ ሰውም አልነበረም። ስለዚህ "ኢ-ሪደር እንቅልፍ እንደማይነሳ ተረጋግጧል" ሲባል በዚህ ጥናት ብቻ አትመኑ። ከራሴ የምናገረው ዓይኔ እንደሚያርፍ ነው፤ ረጅም ምዕራፍ ጨርሼ የመቃጠል ስሜት አይሰማኝም።

ከዓይን በላይ ያተረፍኩት ግን ትኩረት ነው። ታብሌቱ ላይ መልእክት ይገባል፣ ቪዲዮ ይጠራል፣ አንድ ቃል ልፈልግ ብዬ ብሮውዘር ከከፈትኩ መጽሐፉ ተረሳ ማለት ነው። ኖቲፊኬሽን ማጥፋት ይቻላል፤ አፑ ግን እዚያው ነው፣ አንድ ጣት ይበቃዋል። ኢ-ሪደሩ ላይ ከመጽሐፍ ሌላ የሚያጓጓ ነገር የለም። ለዓመታት ያልደፈርኳቸውን ወፋፍራም መጻሕፍት የጨረስኩት በእሷ ነው። ይህን ጥቅም ከየትኛውም የስክሪን ጥራት አስበልጣለሁ።

አሁን ወደ ድክመቷ። ፒዲኤፍ! የኤ4 ገጽ ስፋቱ 210 ሚሊሜትር ነው፤ ባለ 6 ኢንች ስክሪን ግን 9 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገጹ ሙሉውን ሲገባ ፊደሉ ይደቃል። ብታሰፉት ደግሞ ግራ ቀኝ መጎተት ይመጣል፤ ስክሪኑም ቀርፋፋ ስለሆነ ትዕግስት ያስጨርሳል። ኢፐብ በሚባለው የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል ላይ ፊደሉን ስታሳድጉ መስመሩ ራሱን ያስተካክላል። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ግን ፎቶ ነው፤ ምንም አይተጣጠፍም። በአማርኛ የምናገኘው ዲጂታል ጽሑፍ ብዙው በዚህ መልክ ስለሆነ ነገሩን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ለእሱ ታብሌቱ ንጉሥ ነው። በጣት ማስፋት፣ በብዕር ማስመር፣ ከገጽ ገጽ መዝለል፣ ሁሉም ፈጣን ነው።

ጽሑፉ ኢፐብ ከሆነ ግን ፊደላችን ኢ-ኢንክ ላይ በጣም ያምራል። የመጀመሪያው ኪንድል፣ የአማዞን ኢ-ሪደር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ስክሪኑ በኢንች 167 ነጥብ ነበረው፤ የአሁኖቹ አብዛኞቹ 300 ናቸው። ሊ እና ሉ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነውና ለእኛ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከታያችሁ መሣሪያው የግዕዝ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) አላገኘም ማለት ነው። ኪንድልም ሆነ ኮቦ የሚባለው ሌላ ኢ-ሪደር የራሳችሁን ፎንት ይቀበላሉ። ኮምፒውተር ላይ በገመድ ሰክታችሁ እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ነፃ ፎንት የፎንት ፎልደሩ ውስጥ መገልበጥ ነው። ከዚያ መጽሐፉን ከፍታችሁ ከፎንት ዝርዝሩ ትመርጡታላችሁ። ፋይል ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ለመቀየር ካሊበር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል።

ክብደትም አለ። ኢ-ሪደሮች ባብዛኛው 200 ግራም አካባቢ ናቸው፤ ባለ 10 ኢንች ታብሌት ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። ተኝቶ ለሚያነብ ሰው ይህ ወዲያው ክንድ ላይ ይታወቃል።

ሁለቱን አስታርቃለሁ ብላችሁ ባለቀለም ኢ-ሪደር ካሰባችሁ ካሊዶ 3 የሚባለው ስክሪን ጥቁርና ነጩን በ300 ነጥብ፣ ቀለሙን ግን በ150 ብቻ ነው የሚያሳየው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው። ለሽፋንና ለማስመሪያ ቀለም ያምራል። የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍና ኮሚክ ግን አሁንም በታብሌት ይነበብ ባይ ነኝ። ስካን ፒዲኤፍም ልቦለድም እኩል የምታነቡና አንድ መሣሪያ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ባለ 10 ኢንች ኢ-ኢንክ መሣሪያም አለ። ዋጋው ግን ከብዙ ታብሌቶች ይበልጣልና፣ ከመክፈላችሁ በፊት በጣም የምትፈልጉትን አንድ ፒዲኤፍ እሱ ላይ ከፍታችሁ ጥቂት ገጽ አንብቡ።