ለእናቴ ደሴ ላይ ያሠራሁት የዋንዛ አልጋ

ደሴ ላይ አልጋ ካማራችሁ ከሚያብረቀርቀው ሱቅ አትጀምሩ። መጀመሪያ መጋዝ የሚጮህበት ግቢ ግቡ። እኔ በዚህ ክረምት ከስዊድን መጥቼ ለእናቴ አልጋ አሠርቻለሁ። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ወሬ ግን ስለ አናጢው ነው።

መንገዱን ባጭሩ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከዚያ የሐረጎን ዳገት በታክሲ ወጥቶ ደሴ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ኮምቦልቻ በሸሚዝ የነበረ ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ሹፌሩ ጉም ውስጥ አልሮጠብኝም፤ እድሜ ይስጠው።

ሱቆቹን በሙሉ አላማም። የማየው ግን አንድ ዓይነት ነው። ራስጌው በስፖንጅ ተሞልቶ ቆዳ መሳይ ነገር ለብሷል፣ ዙሪያውን መብራት ተገጥሞለታል። አንዱ ሻጭ «ኦሪጅናል እንጨት ነው እህቴ» ብሎ ማለልኝ። ጎንበስ ብዬ ከስር ሳየው ኤምዲኤፍ ነው፣ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፤ ላዩ ላይ እንጨት የሚመስል ወረቀት ተለጥፎበታል። ኤምዲኤፍ መሸጥ ነውር የለውም፣ ለኪስም ይቀላል። ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ብሎኑ አንዴ ከላላ ደግሞ መልሶ አይነክስም። በዚያ ላይ መሐላ ምን አመጣው?

አናጢውን የጠቆመችኝ ጎረቤታችን ናት። የአናጢው ቤት ወደ ሰኞ ገበያ በኩል ነው፣ ታፔላ እንኳ የለውም። ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያወራኋቸው። ገና ከውጭ መምጣቴን ሲሰሙ ስልካቸውን አውጥተው አበባ የተፈለፈለበት ትልቅ ራስጌ አሳዩኝ። «የዲያስፖራ አልጋ ይኸውልሽ!» እኔ ግን የፈለግኩት ምንም የሌለበት ነው። አራት እግር፣ ሁለት ጎን፣ ራስጌና ግርጌ፣ አለቀ።

«እሱማ ይከብዳል ልጄ» አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። የምራቸውን ነው። አበባው ስንጥቁን ይሸፍናል፣ ስፖንጁ የተጣመመውን ይሸፍናል። ባዶውን የሚቆም አልጋ ላይ ግን ማዕዘኑ ትንሽ ክፍተት ካለው ከበር ላይ ይታያል። እንጨቱም የተመረጠ፣ የደረቀ መሆን አለበት። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌላ አናጢ አልፈለግኩም።

ዋንዛ ተስማማን። ዋንዛ ከበሮም ሙቀጫም ይወጣዋል፤ ለመጋዝ አያስቸግርም፣ ቀለሙም ቫርኒሽ ሳያበዙበት ያምራል። ከየት እንደመጣ ግን ጠይቁ። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የአበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። እሳቸው ያላቸው ከገበሬ ማሳ የተገዛ መሆኑን ነገሩኝ፣ ወረቀቱንም ሳልጠይቅ አመጡልኝ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፤ መድረቁ። ጣውላ በአየር ሲደርቅ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይያዝለታል። በደሴ ክረምት ደግሞ የደረቀውም ቢሆን እርጥበት ይስባል። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ በስፋቱ ነው የሚያብጠውና የሚኮማተረው። ስለዚህ በሐምሌ ግጥም ያለ ነገር በበጋ ሊላላ ይችላል። ያንኑ አልጋ ኮምቦልቻ ብታወርዱት ደግሞ ቶሎ ይብስበታል፤ እዚያ ሙቀት ነው። ጋሼ ጣውላዎቹን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየመሃላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ነው የደረደሯቸው፤ ነፋስ እንዲያልፍ። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች አስያዙኝ። አንዱ በጣም ይከብዳል። «ይኼ ገና ውሃውን አልጨረሰም፣ ለከርሞ ነው» ብለው መለሱት። ከዳር ያለውን ነጣ ያለ ክፍልም ቆርጠው ጣሉት፤ ነቀዝ የሚወደው እሱን ነው።

ልኩን የወሰድነው ከእናቴ ጉልበት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ዝቅ ያለ አልጋ ለመነሳት ያስቸግራታል፣ ከፍ ያለው ደግሞ እግሯን ያንጠለጥላል። ተቀምጣ እግሯ መሬት ሙሉ በሙሉ እንዲነካ ከፍታው ከነፍራሹ 48 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ፍራሹ 20 ነው፤ ስለዚህ አልጋው 28። ወርዱ ሜትር ከሃያ። ርብራቡን ከፈረንጅ ጥድ አደረጉት፤ ፍራሹ እንዳይሰምጥ ቀረብ ቀረብ ተደርጎ።

የራስጌው ማዕዘን ላይ ምስማር የለም። የአንዱ እንጨት ጫፍ ቀጥኖ በሌላው ቀዳዳ ይገባል፣ ከዚያ ኮላ። ጎኖቹ ብቻ በብሎን ይታሰራሉ፤ ተፈቶ በር እንዲያልፍ። ብርጭቆ ወረቀቱን በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ነው የሚያሹት። ቫርኒሹን ከስርም ቀቡልኝ፤ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ እርጥበቱ በሌላው ገብቶ ያጣምመዋል።

ቅሬታ? አለ። ቀጠሮ አያከብሩም። መብራት ሲጠፋ መላጊያ ማሽኑ ይቆማል፣ እሱን እረዳለሁ። ግን መደወል ምን ይከለክላል? ስደውል መልሳቸው «አብሽሪ» ብቻ ነው። በዝናቡ ምክንያት ቫርኒሹም ለመድረቅ ተንቀራፈፈ። የመመለሻ ትኬት የያዘ ሰው እንደገባ በነጋታው ይዘዝ።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍላችሁም፤ እስክታነቡት ይለወጣል። በስፖንጅ ካማረው የኤምዲኤፍ አልጋ ይወደዳል። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ቫርኒሽና ብሎንም ጨምሯል ይላሉ። ዋጋውን የተደራደረችው እህቴ ናት። እኔ አፌን ስከፍት ዋጋ ይጨምራል፤ ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግማሹን ቀብድ ሰጠን። ልኩን፣ የእንጨቱን ዓይነትና ቫርኒሹን በወረቀት አስፍረን ተፈራረምን። ቀሪውን አልጋው ቤት ገብቶ ከቆመ በኋላ በቴሌብር ከፈልኩ።

የጭነት ባጃጁ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ጎኖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አንድ ጭረት ሳያሳይ አደረሰ። በራችን ላይ ግን ጫኝና አውራጆች ደረሱ። እኛው ላወረድነው እነሱ ሒሳብ ጠየቁ። ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ የጠየቁትን ግማሽ ሰጠናቸው። ይህ ነገር መፍትሔ ቢበጅለት ጥሩ ነው።

ጋሼ ራሳቸው መጥተው ገጠሙት። እናቴ ተቀመጠችበት፣ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠች። «አይንቋቋም እንዴ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አልተንቋቋም። ብሎኖቹ በኅዳር አንዴ መጥበቅ አለባቸው፤ ቁልፉን ለእህቴ ልጅ አስይዤለታለሁ።