በሙከራው እትም መቆየት ወይስ ወደ ዋናው መሻገር፦ የአንድሮይድ፣ የአይፎንና የዊንዶውስ ንጽጽር

በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስልካቸውን ወይም ኮምፒውተራቸውን ለሙከራ እትም (ቤታ)፣ ማለትም ገና ሳይጠናቀቅ ለሞካሪዎች ለሚሰጥ ሶፍትዌር፣ ያስመዘገቡ ሰዎች መስከረም ሲጠባ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ ዋናው እትም ወጥቷልና በሙከራው ልቀጥል ወይስ ልሻገር የሚል ነው። ጥያቄው የምርጫ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ አዲስ ነገር ቀድሞ ማየት የሚወድ ይቆይ፣ ሰላም የሚፈልግ ይውጣ ብሎ መመለስም ቀላል ነው። እነዚህን እትሞች ለዓመታት ስጭንና ሳወርድ የተረዳሁት ግን «ልውጣ ወይስ ልቆይ» ከሚለው ይልቅ የሚከብደው «መቼ ልውጣ» የሚለው መሆኑን ነው። ከሙከራ እትም መውጫው በር ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በሩ ክፍት በሆነበት ሳምንት የወጣ ሰው አንድም ፎቶ ሳይጠፋበት ይሻገራል፤ ሳምንቱ ያለፈው ሰው ግን ወይ ዕቃውን ፎርማት ያደርጋል ወይ ለወራት ይጠብቃል። ሦስቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን የማያቸው በዋናነት በዚህ በኩል ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ዋናው እትም ሲወጣ ሙከራው ያለቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሙከራው ወደሚቀጥለው እትም ያልፋል እንጂ አያልቅም። ስለዚህ መስከረም ላይ በሙከራው የቆየ ሰው ጎረቤቱ የጫነውን ሶፍትዌር ቀድሞ እየተጠቀመ አይደለም፤ ገና ያልበሰለውን ሌላ ሶፍትዌር እንደገና ከመጀመሪያው መሞከር ጀምሯል። ሰኔ ላይ የታገሣቸው የባትሪ ቶሎ ማለቅ፣ የስልክ መጋልና የአንዳንድ አፖች በድንገት መዘጋት ወደ ነሐሴ ገደማ ቀንሰውለት ከነበረ፣ አሁን ተመልሰው ሊመጡ ይችላሉ።

የወጪውም ነገር አለ። የሙከራ እትም ብዙውን ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ አካባቢ አፕዴት ይልካል፤ አንዳንዱ አፕዴት ከጊጋባይት ያልፋል። በቢሮ ዋይፋይ ለሚያወርድ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ የሞባይል ዳታ ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ግን የሙከራው ዋጋ በየወሩ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ዋናው እትም የሚልካቸው የደኅንነት ማሻሻያዎች በአመዛኙ ከዚህ ያነሱና የሚራራቁ ናቸው።

የሥራ ዕቃ ላይ ሙከራ መጫን ምን እንደሚመስል በቅርብ ያየሁት አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ያለው ወዳጄ ዘንድ ነው። ጊዜው ሰኔ ነበር፤ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው የሚሰለፉበት ወቅት ማለት ነው። ወዳጄ ሌሊቱን በሥራ ኮምፒውተሩ ላይ የሙከራ እትም ጭኖ አድሮ ጠዋት ሲከፍት ፕሪንተሩ በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ አለ፣ ወረቀት ግን አይስብም፤ የሕትመት ትእዛዙ ተራ እየያዘ ይደረደራል እንጂ አይወጣም። ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ጫነ፣ ገመዱን ቀየረ፣ በመጨረሻም ፍላሾቹን ሰብስቦ ከጎኑ ወዳለው ቤት ላከና የቀኑን ገቢ ለጎረቤቱ አስረከበ። ፕሪንተሩም ሶፍትዌሩም እዚህ ላይ አይወቀሱም፤ የሙከራ እትም የሚጫነው እንዲህ ያለው ነገር እንዲገኝ ነው። ጥፋቱ ቀኑንና ኮምፒውተሩን ባለመምረጥ ላይ ነበር።

ወደ ንጽጽሩ ስንገባ በሩ በጣም ጠባብ የሆነው አንድሮይድ ላይ ነው። የጎግል የሙከራ ፕሮግራም በዋናነት የራሱ ለሆኑት ፒክስል ስልኮች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ስልኩ ገና በሙከራ እትም ላይ እያለ ከፕሮግራሙ ለወጣ ሰው ወደ ቀድሞው እትም የሚመልስ አፕዴት ይላክለታል፤ ይህን አፕዴት የጫነ ደግሞ በስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይሰረዝበታል። ሳይሰረዝ መውጣት የሚቻለው ዋናው እትም ከተጫነ በኋላና የሚቀጥለው ሙከራ ከመጫኑ በፊት ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። የ2025ቱ አንድሮይድ 16 ይህን ክፍተት ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል። አራተኛው ቤታ አፕሪል 17 ወጣ፤ ዋናው እትም ጁን 10 ደረሰ። በመካከሉ ግን፣ ሜይ 20 ላይ፣ የሚቀጥለው የሩብ ዓመት ማሻሻያ የመጀመሪያ ቤታ ለእነዚያው ተመዝጋቢዎች ቀረበ። «አዲስ ቤታ መጣ» ብሎ የጫነ ሰው ሳያስበው ዋናውን እትም ዘልሎት ሄደ፤ ጁን 10 ላይ ሌሎች ሲሻገሩ እርሱ ፎርማት ሳያደርግ ለመውጣት እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ መጠበቅ ነበረበት። ከፕሮግራሙ ወጥቶ፣ የተላከለትን መመለሻ አፕዴት ሳይጭን ሦስት ሳምንት የታገሠው ግን ምንም ሳይጎድልበት ተሻገረ። ሁለቱን ሰዎች የለያቸው «ጫን» የምትለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ መንካትና አለመንካት ብቻ ነው።

ሳምሰንግ የያዘ አንባቢ የራሱ ሁኔታ አለው። ሳምሰንግ በአንድሮይድ ላይ የሚጨምረው የዋን ዩአይ ሶፍትዌር ሙከራ የሚከፈተው በጥቂት አገሮች ብቻ ነው፤ የዋን ዩአይ 8 ሙከራ በ2025 ሜይ መጨረሻ ሲጀመር በደቡብ ኮሪያ፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ነበር። ስለዚህ ፍራንክፈርት ወይም ዋሽንግተን ያለ ወገን ሊመዘገብ ይችላል፤ አዲስ አበባ ያለው ደግሞ ከሙከራው ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው ከውጭ በተላከለት ስልክ አማካይነት ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

አይፎን ላይ በሩ ሰፋ ያለ ነው፤ ነገር ግን የሚያስወጣው ወደ ፊት ብቻ ነው። በሴቲንግ ውስጥ፣ ጄኔራል ከሚለው ሥር፣ ሶፍትዌር አፕዴት የሚለውን ከፍቶ የቤታ አፕዴትን ማጥፋት ይበቃል፤ ስልኩ ባለበት ሙከራ ላይ ይቆይና የሚበልጠው ዋና እትም ሲወጣ እርሱን ይቀበላል፣ አንዳችም ነገር አይሰረዝም። የአይፎን ሥርዓት የሆነው አይኦኤስ 26 ለአፕ ገንቢዎች የቀረበው ጁን 9 ቀን 2025፣ ለሕዝብ ሙከራ የተከፈተው ጁላይ 24፣ ዋናው የወጣው ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ ላይ ሙከራው የሰለቸው ሰው ማድረግ የነበረበት ያንን ቅንብር አጥፍቶ በዓሉን ማሳለፍ ብቻ ነበር። ከዋናው እትም ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የሚሰጠውን የመጨረሻ ዕጩ እትም የጫነ ሰው ዋናው በወጣ ዕለት ምንም አፕዴት ካላየ መደናገጥ የለበትም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸውና ሳያውቀው ተሻግሯል።

ወደ ኋላ መመለስ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ስልኩን በኮምፒውተር አጥፍቶ እንደገና መጫን ይጠይቃል፤ ያም የሚሠራው አፕል የቀደመውን እትም መጫን እስከፈቀደ ድረስ ነው። በሙከራው ላይ የተወሰደ ባክአፕ ደግሞ በቀደመው እትም ላይ ላይመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ሙከራውን ከመጫን በፊት ኮምፒውተር ላይ የተወሰደና ለብቻው የተቀመጠ ባክአፕ የሌለው ሰው ወደ ኋላ የሚያይበት ምክንያት የለውም። አፕል ዎች ከዚህም ይብሳል፤ አንዴ ሙከራ ከተጫነበት ባለቤቱ ወደ ቀደመው ሊመልሰው አይችልም። በእኔ ግምት ሰዓት ላይ ሙከራ መጫን የሚገባው ሥራው አፕ መሥራት የሆነ ሰው ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ላይ መልሱ እንደገቡበት ቻናል፣ ማለትም እንደ ሙከራው ደረጃ፣ ይለያያል። ሪሊስ ፕሪቪው ሊወጣ ጥቂት ጊዜ የቀረውን እትም ስለሚሰጥ ከዋናው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ቤታም በአብዛኛው ልኩን ያውቃል። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ያለ ሰው የሚቀጥለው እትም ሲወጣ ኮምፒውተሩ ከፕሮግራሙ እንዲወጣ የሚያደርገውን ቅንብር ከፍቶ ሥራውን መቀጠል ይችላል። ዴቭና ካናሪ ግን ገና መልክ ያልያዘውን ሥራ የሚያዩበት ነው፤ ከካናሪ ለመውጣት ዊንዶውስን ከባዶ መጫን ግድ ነው፣ ዴቭም ማይክሮሶፍት ወደ ቤታ መሻገሪያ መስኮት ካላሳወቀ በቀር እንደዚያው ነው። አዲስ እትም ጭኖ የተጸጸተ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት የሚመለስበት 10 ቀን አለው፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ፋይሎች ከዲስኩ ይጸዳሉ።

ዊንዶውስ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር የሙከራ እትሞቹ የሚያበቃ ዕድሜ ያላቸው መሆኑ ነው። የዊንዶውስ 7 የመጨረሻ ዕጩ እትም በሜይ 2009 በነፃ ተሰጥቶ እጅግ የተረጋጋ ስለነበር፣ ዋናው ኦክቶበር 22 ቀን 2009 ለገበያ ከቀረበ በኋላም ብዙዎች አልለቀቁትም። ከማርች 1 ቀን 2010 ጀምሮ ግን ኮምፒውተራቸው በየሁለት ሰዓቱ ራሱን ማጥፋት ጀመረ፤ ጁን 1 ላይም ጊዜው አበቃ። ዛሬ ያሉት የሙከራ እትሞችም አፕዴት ሳይደረግላቸው ከቆዩ ጊዜያቸው ያልፋል። አፕዴት አጥፍቶ በሙከራ መቆየት የሚባል ሦስተኛ አማራጭ፣ ዳታ ለመቆጠብ ሲሉ ብዙዎች የሚመርጡት ቢሆንም፣ የለም።

ሌላም አለ፤ ሙከራው የተቀበለውን ኮምፒውተር ዋናው እትም ላይቀበለው ይችላል። ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲሞከር ቀደም ብለው በዴቭ ቻናል የተመዘገቡ ኮምፒውተሮች ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ ወይም የተፈለገው ፕሮሰሰር ባይኖራቸውም ሙከራውን እንዲጭኑ ተፈቅዶ ነበር። ዋናው ኦክቶበር 5 ሲወጣ ግን ባለቤቶቻቸው ዊንዶውስ 10ን ከባዶ እንዲጭኑ ተነገራቸው። የቆየ ላፕቶፕ ይዞ «ሙከራው ከሠራ ዋናውም ይሠራል» ብሎ የሚገዛ ሰው ይህን ማስታወስ ይኖርበታል።

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ መሻገርን የሚደግፍ ነው፤ ሥራ በሚሠራበት ዕቃ፣ በተለይም ባንክ በሚከፈትበትና ገንዘብ በሚላክበት ስልክ ላይ የእኔም ምክር ያለ ማመንታት ይህ ነው። ሆኖም በአንድ ትርፍ ስልክ ላይ እስከ ዛሬ ሙከራ እጭናለሁ፤ ምክንያቱም ፊደላችን ነው። በአንድ የሙከራ እትም ላይ የመልእክት ማሳወቂያው ጠበብ ሲል አራት ነጥቡ ከቃሉ ተለይቶ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ አየሁ። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሞካሪ ይህን ሊያየው አይችልም። ስክሪንሹቱን፣ ዓረፍተ ነገሩን በጽሑፍ፣ የእትሙን ቁጥርና ፊደሉ የገባበትን ኪቦርድ ጨምሬ ላክሁ፤ ከሁለት አፕዴት በኋላ ነጥቡ ወደ ቃሉ ተመለሰ። የእኔ ሪፖርት ይሁን የሌላ ሰው ያስተካከለው ማወቅ አይቻልም፤ ዋናው እትም ከወጣ በኋላ ቢሆን ኖሮ ግን ለወራት እንዲያው ሊቆይ ይችል ነበር። ስለዚህ ትርፍ ስልክ፣ ዋይፋይና ሪፖርት የመጻፍ ትዕግሥት ያለው አማርኛ ጸሐፊ ቢቆይ እወዳለሁ። ሪፖርት የማይልክ ሞካሪ የሚቆይበት ምክንያት ግን አይታየኝም፤ ችግሩን ብቻውን ተሸክሞ ይኖራል።

የተጠቀመ ዕቃ የሚገዛ ወይም ከውጭ ዘመድ የላከለት ሰው ምርጫው ሳይጠየቅ ተመርጦለት ሊያገኘው ይችላል። ገንዘቡን ከመክፈል በፊት አይፎን ከሆነ ሶፍትዌር አፕዴት ውስጥ የቤታ መስመር መብራቱንና የእትሙ ስም አጠገብ ቤታ የሚል ቃል መኖሩን ይመልከት፤ ሳምሰንግ ወይም ፒክስል ከሆነ ደግሞ ሻጩ ከሙከራ ፕሮግራሙ በራሱ አካውንት እንዲወጣና ስልኩን ፊቱ ፎርማት እንዲያደርግ ይጠይቅ። ላፕቶፕ ላይ የዊንዶውስንና የአር ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ «ዊንቨር» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል መጻፍ ይበቃል፤ በሚከፈተው ትንሽ መስኮት ውስጥ የእትሙ ቁጥር ይታያል፣ የሙከራ እትም ከሆነም ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ከሥሩ ተጽፎ ይገኛል። ያ ቀን ከተጻፈ ዊንዶውስን ከባዶ የማስጫኛውን ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ ማስቀነስ የገዢው መብት ነው።