በጅማ የገዛሁት የጦር ወንጀል ፍርዶች ጥራዝ፦ የጎደለው ዓምድ

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋና በር አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ በጦር ወንጀልና በተያያዥ ወንጀሎች የተሰጡ ፍርዶችን የሰበሰበ በስፓይራል የታሰረ ጥራዝ ባለፈው ወር በ250 ብር ገዛሁ። ሥራዬ ጥብቅና ስለሆነ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መመሥረቻ የሆነው የሮም ስምምነት አንቀጽ 77 እና 110፣ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 28 እና የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 270 በአማርኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየቴ አስደስቶኛል። አዘጋጁ የደከመበት ሥራ መሆኑ ከትርጉሙ ጥራት ይታወቃል።

የኅትመቱ ጉድለት ግን ቀላል አይደለም። የቅጣት ሠንጠረዡ ቀኝ ጠርዝ በመቁረጫው ስለተበላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በኮንጎው አማፂ አዛዥ በቦስኮ ንታጋንዳ ላይ የተፈረደው 30 ዓመት «3» ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የቢሮዬ ጸሐፊ አይታው «ጋሼ፣ ለዚህ ሁሉ ግፍ ሦስት ዓመት ብቻ?» ስትል ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ዜሮዋን በእስክሪብቶ ጻፍኩላት። ቅጂውን ለማስለወጥ ተመልሼ ሄጄ የተሰጠኝም ሁለተኛ ቅጂ እንደዚያው ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን ሠንጠረዡ ፍርዱ በተነበበበት ቀን ማብቃቱ ነው። ስም፣ ፍርድ ቤት፣ ወንጀል እና ቅጣት የሚሉ አራት ዓምዶች አሉት፤ ፍርደኛው መቼ እንደተፈታ የሚናገር አምስተኛ ዓምድ የለውም። ቅጣቱ አንሷል ወይስ አላነሰም የሚለው ክርክር ደግሞ እኔ እንደማምነው የሚፈታው በዚያ ዓምድ ነው። በማሊ የቲምቡክቱ ከተማን መካነ መቃብሮች ያፈረሰው አል ማህዲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተፈረደበት 9 ዓመት በ2021 ሁለት ዓመት ተቀንሶለታል፤ ሕፃናትን ለውትድርና የመለመለው የኮንጎ አማፂ መሪ ሉባንጋ ግን 14 ዓመቱን ጨርሶ ነው የወጣው። በቦስኒያ ስሬብሬኒጻ ወደ 70 ሰው በእጁ መግደሉን ያመነው ወታደር ኤርደሞቪች 5 ዓመት ተፈርዶበታል፤ በወር ሲሰላ ለአንድ ነፍስ አንድ ወር እንኳ አይደርስም። እርግጥ ነው፣ ካልተኮስክ ትገደላለህ ተብሎ ነበር፤ ምስክርነቱም በኋላ በአዛዦቹ ላይ ማስረጃ ሆኗል፤ ጥራዙ ይህን ቢጽፍ አንባቢው ራሱ በመዘነ ነበር።

የእኛ አገር ገጽ ይበልጥ ሊብራራ ይገባው ነበር። አንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ ለተፈጸሙ ወንጀሎች ይቅርታና ምሕረት ይከለክላል፣ ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ግን ይፈቅዳል፤ የወንጀል ሕጉ ደግሞ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ እንዲወጣ በር ይከፍታል። ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት በ2003 ዓ.ም. ቅጣታቸው ተለውጦ በ2004 ዓ.ም. የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ጥራዙ «ሞት» ብሎ ስለሚያልፍ ተማሪው ተገድለዋል ብሎ ሊያምን ይችላል። በ1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ለተገደሉት 75 እስረኞች የደርግ ባለሥልጣን የነበረው እሸቱ ዓለሙ በኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ጉዳይም፣ ለንጽጽር እጅግ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ፣ በሁለት መስመር ታልፏል። የግራዚያኒ ጉዳይ ጭራሽ አልገባም፤ ጣሊያን በሠራቸው ሕንፃዎች መካከል ለምንኖር የጅማ ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈረደበት 19 ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ለፈሰሰው ደም እንዳልነበረና ያው ዓመት ሳያልፍ መለቀቁን ማወቅ ይገባን ነበር።

የእናቴ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ከቤቱ ተወስዶ እስከ ዛሬ መቃብሩ አልታወቀም። ቦታውን ሊነግረን የሚችለው ፍርደኛው ስለሆነ አመክሮን በጭፍን አልቃወምም። ነገር ግን ሬሳ የት እንደተቀበረ እያወቀ ዝም ያለ ፍርደኛ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ስለጨረሰ ብቻ ሲወጣ ቅጣቱ አንሷል እላለሁ። እናቴ 20 ዓመትም ሆነ 30 ዓመት ጠይቃ አታውቅም፤ የምትጠይቀው ቦታውን ነው።

ለሕግ ጽሑፎቹ ሲባል ጥራዙ ቢገዛ አይቆጭም። ገዢው ግን ሱቁ ውስጥ እያለ የሠንጠረዡን ጠርዝ ይመልከት፤ እኔ በቅጂዬ ኅዳግ ላይ አምስተኛውን ዓምድ በእርሳስ እየሞላሁ ነው፣ አዘጋጁ ለቀጣዩ እትም ከፈለገው በደስታ እሰጠዋለሁ።