ርካሽ የንድፍ ግድግዳ ለቁርጥራጭ ጨርቅ ስፌት፦ በጎንደር ገበያ የሚገኙ አማራጮች ንጽጽር

ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመ የአልጋ ልብስ የሚሰፋ፣ ማለትም ክዊልት የሚሠራ ሰው፣ ከስፌት መኪናና ከመቀስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዕቃ ቁርጥራጮቹን ከመስፋቱ በፊት ደርድሮ የሚያይበት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ገጽ ነው። የንድፍ ግድግዳ የሚባለው ይኸው ነው። አልጋ ወይም ወለል ላይ መደርደርም ይቻላል፤ ነገር ግን ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው የቅርቡን ረድፍ ትልቅ፣ የሩቁን ትንሽ አድርጎ ስለሚያየው የቀለሞቹን ሚዛን በትክክል መፍረድ አይችልም፤ በዚያ ላይ ልጅ ባለፈ ቁጥር ወይም በር በተከፈተ ቁጥር ድርድሩ ይበተናል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈን ሥራ ግን ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ማየት፣ በስልክ ፎቶ አንስቶም ወደ ጥቁርና ነጭ በመቀየር የትኛው ቁራጭ ደምቆ እንደሚወጣና የትኛው ከጎረቤቱ ጋር ተመሳስሎ እንደሚጠፋ መለየት ይቻላል።

ከታች የቀረቡት አማራጮች በሙሉ በቅዳሜ ገበያ፣ በፒያሳ ዙሪያ ባሉ ሱቆች ወይም በእንጨትና በግንባታ ዕቃ መሸጫዎች የሚፈለጉ ናቸው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር ከማወዳደር ይልቅ ስንት ሜትር ወይም ስንት ሉህ እንደሚፈጁና ምን አገልግሎት እንደሚሰጡ ማወዳደሩን መርጫለሁ።

ንጽጽሩ ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ጥሩ የንድፍ ግድግዳ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ከፊት ያለው ጨርቅ እንጂ ከኋላ ያለው ሰሌዳ አይደለም። የጥጥ ቁራጭ ያለ ስፒል ተለጥፎ የሚቆየው የገጹ ፀጉር ከቁራጩ ክሮች ጋር ስለሚያያዝ ነው፤ ማጣበቂያ የለውም። ሰሌዳው የሚያገለግለው ጨርቁን ወጥሮ ለመያዝና ስፒል ለመቀበል ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ግዢውን ከሰሌዳው ይጀምሩና ገንዘባቸው ካለቀ በኋላ ላዩን በተገኘው አንሶላ ይሸፍኑታል፤ ለስላሳ አንሶላ ደግሞ ምንም ያህል ቢወጠር ቁራጭ አይዝም።

ከሁሉም የሚረክሰው አማራጭ በጥቅልል እየተለካ የሚሸጠው የላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ነው፤ ለእኛ ሥራ የሚፈለገው ጀርባው ነው። ባለሱቆች ሁልጊዜ አበባውን ለማሳየት ፊቱን ስለሚዘረጉ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ጀርባውን አዙርልኝ» ማለት ያስፈልጋል። ጀርባቸው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ነጭና ፀጉራም ሲሆን ብርሃን ወዳለበት በር ወስደው አግድም ሲያዩት ከገጹ ላይ እንደ ጉም ብድግ ያለ ስስ ፀጉር ይታያል፤ በጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያሹት ይተኛል፣ ወደ ሌላው ሲያሹት ይነሣል። ሁለተኛው ወረቀት የመሰለ፣ በጥቃቅን ነጥቦች የታተመ ስስ ሽፋን ነው፤ ይህኛው ለጠረጴዛ ይበቃል፣ ለንድፍ ግድግዳ ግን አይረባም። በዋጋ ተቀራርበው ሊገኙ ስለሚችሉ ልዩነቱን ሳያጣሩ መግዛት አይገባም።

ለማጣራት ቀላሉ መንገድ መዳፍ የሚያህል አንድ የፖፕሊን ቁራጭና አንድ የጂንስ ቁራጭ በቦርሳ ይዞ መሄድ ነው። ጨርቁን ባለሱቁ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ሁለቱንም ቁራጮች በመዳፍ ጠበቅ አድርገው ይለጥፉና ጨርቁን ሁለት ጊዜ ያራግፉት። ፖፕሊኑ ከወደቀ አይግዙ። ፖፕሊኑ ቆይቶ ጂንሱ ብቻ ከወደቀ ደግሞ ደኅና ነው፤ ጂንስን ያለ ስፒል የሚይዝ ገጽ ብዙ አይገኝምና። ይህ ፈተና ለላስቲኩ ብቻ ሳይሆን ከዚህ በታች ለሚነሡት ጨርቆች ሁሉ ይሠራል።

የላስቲኩ ትልቅ ጥቅም ተጠቅልሎ መቀመጥ መቻሉ ነው። ሳሎኑና የስፌት ክፍሉ አንድ ለሆነበት፣ በተለይም ቤት ተከራይቶ ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለት ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ጉዳቱ ደግሞ ሦስት ነው፦ ታጥፎ ከቆየ የእጥፋቱ መስመር በቀላሉ አይጠፋም፣ ስፒል የወጋው ቀዳዳ አይደፈንም፣ አየርም ስለማያሳልፍ እርጥበት ያለው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከከረመ በጀርባው ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ ሲገዙ ታጥፎ ሳይሆን ተጠቅልሎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ከላስቲኩ ጎን ለጎን መቀመጥ ያለበት ፍላኔል ነው፤ ለሕፃናት መጠቅለያና ለሌሊት ልብስ የሚውለው፣ ፊቱ ፀጉራም የሆነ የጥጥ ጨርቅ። አያያዙ ከላስቲኩ ጀርባ ይሻላል፣ ይታጠባል፣ በካውያ ይስተካከላል፣ አየር ያሳልፋል፣ ነገ ሰሌዳ ቢገዛም በዚያው ላይ ይወጠራል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ከሆነ የላዩን ቀለም አያበላሽም፤ የድብ ወይም የኮከብ ሥዕል ያለበትን ግን በነጻ ቢሰጥም አልወስደውም፣ ዓይንን ይሻማልና። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ፍላኔል ሲታጠብ ከተራ ፖፕሊን ይልቅ ስለሚሰበሰብ፣ በኋላ ለማጠብ የሚያስብ ሰው ከመስፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ያጥበው፤ ለዚህም ትርፍ ርዝመት ጨምሮ ይግዛ።

ልኩን በተመለከተ የሜትር ከሃምሳ አልጋን እንውሰድ። በ30 ሳንቲ ሜትር ካሬ ብሎክ፣ ማለትም ከቁርጥራጭ ተገጣጥሞ በሚሰፋ አራት ማዕዘን ክፍል፣ ወደ ጎን ስድስት፣ ወደ ታች ሰባት ቢደረደር 42 ብሎክ ይሆናል፤ 1.80 በ2.10 ሜትር ማለት ነው። ፍላኔሉ 110 ሳንቲ ሜትር ወርድ ካለው ሁለት ቁመት ተጋጥሞ ይበቃል፤ እያንዳንዱ 2.20 ሜትር ቢሆን በጠቅላላው 4.40 ሜትር፣ ለመሰብሰቡ ሲጨመርበት 4.80 ሜትር። የላስቲኩ ወርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ137 እስከ 140 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንዱ ቁመት አራት ብሎክ ብቻ ይዞ ስድስት አይሞላም፤ ስለዚህ እሱም ሁለት ቁመት፣ 4.40 ሜትር ይፈልጋል። የሁለቱ ፍጆታ ይህን ያህል ስለሚቀራረብ የአንዱን የሜትር ዋጋ ከሌላው የሜትር ዋጋ ጋር በቀጥታ ማወዳደር ይቻላል፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ያለ ማመንታት ፍላኔሉን ይግዙ። አቅም ካልፈቀደ አንድ ቁመት ላስቲክ ብቻ ገዝቶ ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ማየትም ያስኬዳል።

ሁለት ወርድ ፍላኔል ሲጋጠም ፀጉሩ በሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፤ አለበለዚያ አንደኛው ወገን ጠቆር ብሎ ይታያል። ጠባብ ወርዶችን ጎን ለጎን ሰፍቶ ሰፊ መጋረጃ ማውጣት ለዚህ ከተማ እንግዳ ጥበብ አይደለም፤ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሸመነው ታላቁ የጎንደር የሐር መጋረጃ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ላስቲኩን ግን መስፋት አያስፈልግም፤ ሁለቱን ቁመት አንድ እንጨት ላይ አጠገብ ለአጠገብ ሰቅሎ በጀርባ በኩል፣ በላስቲኩ ፊት ላይ፣ በሰፊ ፕላስተር ማያያዝ ይበቃል።

ቤት ውስጥ ያለውን መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ብርድ ልብስና ጋቢ አሉ። ከሰልባጅ የሚገዛ ስስ፣ አንድ ቀለም ያለው ብርድ ልብስ ጥሩ ይይዛል፤ አንበሳና ጽጌረዳ የታተመበት ወፍራሙ ዓይነት ግን ለሥዕሉም ለክብደቱም አይመችም። ብዙ ጊዜ የታጠበ አሮጌ ጋቢ ነጭነቱም ለስላሳነቱም ተስማሚ ነው፤ ለዚህ ብሎ አዲስ ጋቢ መግዛት ግን ርካሽ የሚለውን ነገር ያፈርሰዋል። የበግ ፀጉር ባና አያያዙ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ጠቆር ያለ ስለሆነ ቀለም ለመምረጥ ያስቸግራል፣ ፀጉሩም እየተነቀለ ነጭ ቁራጭ ላይ ይቀራል።

ወደ ሰሌዳው እንምጣ። አናጢ ዘንድ ሲኬድ መጀመሪያ የሚቀርበው ቺፑድ ነው፤ የእኔ ምክር ግን አይግዙት የሚል ነው። 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሉህ ወደ 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስፒል አያስገባም፣ ብቻን ማንሳት አይቻልም፣ እርጥበት ሲነካውም ያብጣል። የ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በዚያው ልክ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን እሱም ስፒል አይቀበልም፣ በሞራሌ ካልተደገፈም ይወላገዳል። በአንጻሩ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ተጠቅልሎ የሚመጣበት ነጩ ፎም በሉህ ሲገኝ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንኳ በዚህ ልክ ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ስፒልም እስከ ራሱ ድረስ ይውጣል። ለንድፍ ግድግዳ ከሰሌዳዎች ሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው።

ፎም የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ማስቲሽ ፎሙን ያቀልጠዋል፤ ጨርቁን በነጩ የአናጢ ኮላ መለጠፍ፣ ወይም ጠርዙን ወደ ኋላ አጥፎ በስፒልና በፕላስተር መያዝ ይሻላል። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ እሳት ነው፦ ይህ ፎም በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ የጥጥ ካውያ ደግሞ ወደ 200 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከተቀጣጠለም ቶሎ ይነዳል፣ ጭሱም መርዛም ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ በሚበራበት፣ የከሰል ካውያ በሚሠራበት ወይም ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ፎም አለማስገባት ይመረጣል።

ለእንዲህ ያለ ክፍል የፍሪጅ ወይም የቁም ሣጥን ካርቶን አለ። ካርቶንም ይነዳልና ከእሳት መራቁ አይቀርለትም፤ ሆኖም እንደ ፎም ቀልጦ አይንጠባጠብም። ከዕቃ መሸጫ ሱቅ በትንሽ ገንዘብ ወይም በልመና የሚገኝ ሲሆን፣ የአንዱ ሽንሽን ቁም፣ የሌላው አግድም ሆኖ ሁለት ድርብ ተደርጎ በኮላ ከተጣበቀ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ስፒልም ይይዛል። ድክመቱ ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ እርጥበት ስቦ ይቆለመማል።

እንግዲህ ምርጫው በሚሰፋው ጨርቅና በቤቱ ሁኔታ ይለያያል። ከልብስ ሰፊዎች የሚሰበሰብ ፖፕሊንና ቀላል የጥጥ ቁርጥራጭ ለሚሰፋ ሰው ሰሌዳ ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ከእንጨት ላይ የተንጠለጠለ ፍላኔል ይበቃዋል። ጂንስ፣ ሳቲን፣ ቴትሮን ወይም የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የሚቀላቅል ሰው ግን እነዚህ ወይ ይከብዳሉ ወይ ይንሸራተታሉና ስፒል የሚቀበል ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ በፎምና በካርቶን መካከል የሚወስንለትም ክፍሉ ውስጥ እሳት መኖር አለመኖሩ ነው። ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ከመቸንከር ይልቅ እግሩን ትንሽ ወደ ፊት አውጥቶ ማስደገፍ ሌላ ጥቅም አለው፦ ገጹ ወደ ኋላ ጋደል ሲል ቁርጥራጩ በገዛ ክብደቱ ወደ ጨርቁ ስለሚጫን ከባዱም ይቆያል። ተከራይ የሆነ፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሰው ላስቲኩን ይግዛ፤ ሰሌዳ ለማስቀመጥ ቦታ አያስጨንቅ።

ፍላኔሉን ለመስቀል አንድ 2.20 ሜትር ሞራሌ በቂ ነው፣ ሁለት ቁመት ላስቲክ ግን 2.80 ሜትር ይፈልጋል፤ የጨርቁ የላይኛው ጠርዝ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎበት በስቴፕለር ይያዛል፤ ከታችም ቀለል ያለ ዘንግ ወይም ቀርከሃ ቢገባበት እየከበደ ቀጥ አድርጎ ይስበዋል። የብሎኬት ግድግዳ በድሪል ተበስቶ ፊሸርና ብሎን ይይዛል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ግን ምስማር ጭቃውን እየናደ ስለሚወጣ፣ በጣት ጉልበት እያንኳኩ ድምፁ የሚደፍንበትን ቋሚ እንጨት ፈልጎ እዚያ ላይ መምታት ያስፈልጋል። በሁለቱም ዓይነት ግድግዳ ሞራሌው ከጀርባ ሁለት ቁራጭ እንጨት ተደርጎለት ከግድግዳው ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ክረምት ላይ በመካከሉ አየር ካለፈ ጨርቁም ላስቲኩም አይሻግቱም።

ቦታው ከመስኮት ትይዩ ቢሆን ብርሃን ይበቃዋል፣ ነገር ግን ቀጥተኛ ፀሐይ ለሳምንታት የሚያርፍበት ቁራጭ ቀለሙ ይለቃል። በጋ ላይ ፀጉራሙ ገጽ አቧራ ይይዝና አያያዙ ይደክማል፤ ፍላኔሉን አውርዶ ውጭ ማራገፍ፣ ላስቲኩን ደግሞ በፕላስተር የሚያጣብቅ ፊት እየነካኩ አቧራውን ማንሳት ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ፍላኔሉ ከታጠበ በኋላ በዘንጉ ላይ እንደተንጠለጠለ ይድረቅ፤ በገመድ ላይ ታጥፎ ከደረቀ መሐሉ ላይ የሚቀረው መስመር የብሎኮቹን ቀጥታ ለማየት ያስቸግራል።