ለተፋጠነ የፍሬቻ ብልጭታ፦ ሬዚስተር ወይስ ፍላሸር?

የ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በኤልኢዲ ሲተካ የሚስበው ኤሌክትሪክ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ነባሩ ፍላሸር (ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው መሣሪያ) አምፖሉ እንደተቃጠለ ቆጥሮ ብልጭታውን ያፋጥነዋል። ከአምፖሉ ጋር በትይዩ የሚገጠም ባለ 6 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ጭነት የሚጨምር ዕቃ) ይህን ያስተካክላል፤ ሆኖም በ12 ቮልት 2 አምፔር ስቦ 24 ዋቱን ወደ ሙቀት ስለሚቀይር፣ የሽቦ ሽፋን አቅልጦ ሾርት እንዳያስነሳ ከፕላስቲክ ርቆ በብረት ላይ በብሎን መታሰር አለበት። ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ግን ፍጥነቱ በአምፖሉ ጭነት ስለማይወሰን ችግሩን ያለ ሙቀት ይፈታል፤ አምፖል ሲቃጠል የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ቢቀርም፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። የፍላሸሩ ሥራ በመኪናው ኮምፒውተር የሚከናወን ከሆነ ግን ሬዚስተሩ ይሻላል። ከሁለቱም በፊት ከቦዲ ጋር የተያያዘው የኔጌቲቭ ሽቦ ይፈተሽ፤ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ተርሚናል ብቻውን ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል።