ለአጋዘን አደን የትኛው ጥይት ይሻላል? ለጎንደር ሰው የቀረበ ግምገማ

ጎንደር ላይ የጠመንጃ ወሬ ከተነሣ ምንሽሩ፣ ውጅግራው፣ ቤልጅጉ በየስሙና በየዘመኑ ይተረካል። ስለ ጥይቱ ግን ብዙ አይወራም፤ "ሩቅ ይሄዳል" ከተባለ ያበቃል። ለአደን ይህ አይበቃም። ጠመንጃው አቅጣጫ ሰጥቶ ይልካል እንጂ እንስሳው ላይ ደርሶ ሥራውን የሚሠራው አረሩ ነው። ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ ያለ ዘመድ የአደን ፈቃድ አውጥቶ "የትኛውን ልግዛ?" ብሎ ሲደውል፣ ወይም ከውጭ አዳኝ ጋር ባሌ የሚሄድ አስጎብኚ ሲጠየቅ፣ መልሱ ከዝና ሳይሆን ከልክ መነሣት አለበት። እዚህ የመዘንናቸው ጥይቶች በውጭ የአደን ሱቆች በብዛት የሚሸጡትንና በእኛ አካባቢ በስም የሚታወቁትን ነው።

በመጀመሪያ አጋዘን የምንለው የትኛውን እንደሆነ ይለይ። አሜሪካ ውስጥ የሚታደነው ነጭ ጅራቱ አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 130 ኪሎ ይመዝናል። የዚያ ዘር እንስሳ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። የእኛው አጋዘን ቀንዱ ጥምዝ ነው፣ አይረግፍም፣ ዝምድናውም ከድኩላ ጋር ነው። ባሌና አርሲ ያለው የደጋ አጋዘን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ የቆላውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ አሜሪካ ላይ "ለአጋዘን ይበቃል" የተባለ ጥይት ባሌ ላይ ላይበቃ ይችላል። በምክር ሲሰጥ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህ ልዩነት ነው። ዋልያ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሰሜን ተራሮችም አላጢሽም ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው፣ አደን የለባቸውም። በአገራችን የሚታደነው በተመደቡ የአደን ቀጣናዎች፣ በፈቃድ ብቻ ነው፤ መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀለህ፣ ባሩድ፣ ከሥሩ ያለችው ማቀጣጠያ፣ ከፊት የተሰካው አረር። ሱቅ ውስጥ ክርክሩ ሁሉ በቀለሁ ስም ላይ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ አረሩን እዩ እንላለን። ለጦር ሠራዊት የሚሠራው አረር ጫፉ ድረስ በጠንካራ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሥጋ ውስጥ ሲገባ አይከፈትም፤ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ በዚያኛው በኩል ይወጣል። እንስሳው ቆስሎ ሩቅ ይሮጣል፣ ደሙ በደንብ አይፈስም፣ ዱካው ይጠፋል፣ ጥሻ ውስጥ ገብቶ ተሠቃይቶ ይሞታል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን አረር ለአጋዘን የከለከሉት ለዚህ ነው። የአደን አረር ግን ጫፉ ላይ እርሳሱ ይታያል፣ ወይም ትንሽ የፕላስቲክ ጫፍ ይኖረዋል፣ ወይም ድፍን መዳብ ሆኖ አፉ የተቦረቦረ ነው። ሥጋ ሲነካ አፉ ወደ ኋላ ተገልብጦ እንደ አበባ ይከፈታል፤ ስፋቱም ወደ እጥፍ ይጠጋል።

በአደን አረሮች መካከልም ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ የሚሠራው የሬሚንግተን ኮር-ሎክት እርሳሱ ከፊት የወጣ ተራ አረር ነው፤ ርካሽ ነው፣ 100 ኪሎ አካባቢ ለሆነ እንስሳ እስከ 200 ሜትር ድረስ እንከን አይወጣለትም። ኖዝለር ፓርቲሽን መካከሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ አለው፤ የፊቱ ክፍል ተከፍቶ ቢበጣጠስ እንኳ የኋላው ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለከባድ እንስሳ ዋጋው የሚያስቆጭ አይደለም። እንደ ባርነስ ያለው ድፍን መዳብ ክብደቱን ጠብቆ ያልፋል፣ ሥጋው ውስጥም የእርሳስ ብናኝ አይተውም። ካሊፎርኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ጀምሮ እርሳስ ያለበትን ጥይት ለአደን ስለከለከለች እዚያ ያለ አዳኝ ምርጫው ይኸው ነው። መዳብ ግን እንዲከፈት ፍጥነት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በእርሳስ 180 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሚተኩስ ሰው በመዳብ ወደ 150 ወይም 165 ዝቅ ቢል ይሻላል። ሽፋኑ ስስ የሆነው ባለ ፕላስቲክ ጫፍ በቅርብ ርቀት የትከሻ አጥንት ላይ ሲያርፍ ቶሎ ይፈረካከሳል፤ ላዩን አበላሽቶ ሳንባ ሳይደርስ ይቀራል። ከ50 ሜትር በታች ለሚተኮስበት ጥሻ አይመረጥም።

አሁን ወደ ስሞቹ። 308 ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ነው፤ ቀለሁ 51 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፣ 150 ግሬን (9.7 ግራም) አረር በሰከንድ 860 ሜትር ያህል ይወረውራል፣ ጉልበቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ 3,600 ጁል አካባቢ ነው። በ200 ሜትር ላይ መሐል እንዲመታ የተስተካከለ ጠመንጃ በ300 ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ዝቅ ብሎ ይመታል። ርግጫው ለጀማሪ ትከሻ የሚቻል ነው፣ ጥይቱም በየትኛውም አገር የአደን ሱቅ አይጠፋም። ለነጭ ጅራቱ አጋዘን አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው።

30-06 ስፕሪንግፊልድ የ1906 እ.ኤ.አ. ጥይት ነው፤ ቀለሁ 63 ሚሊ ሜትር። በ150 ግሬን ከ308 የሚበልጠው በሰከንድ 25 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ልዩነት አጋዘኑ አያውቀውም። ብልጫው የሚታየው አረሩ ሲከብድ ነው። 180 ግሬኑን በ820 ሜትር ፍጥነት ስለሚልክ ለደጋ አጋዘን ከፓርቲሽን ወይም ሽፋኑና እርሳሱ ከተጣበቁ አረሮች ጋር ሲጣመር የምንተማመንበት እሱን ነው። ባሌ ላይ 308 ይዞ የሄደ ሰው አያፍርም፤ ነገር ግን ከባድ አረር ይምረጥ፣ ከ200 ሜትር በላይም አይመኝ።

270 ዊንቸስተር ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ 130 ግሬን አረር በ930 ሜትር የሚያስወነጭፍ ነው። በ200 ተስተካክሎ በ300 ላይ የሚወርደው 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ገላጣ ሜዳና ገደል ለገደል ለሚተኮስበት አገር ምቹ ነው። ፍጥነቱ በቅርብ ርቀት ስስ አረርን ይሰባብራል፤ ስለዚህ በዚህ ጥይት ርካሹን አረር አትግዙ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በ61 ሳንቲ ሜትር በርሜል የተለካ መሆኑም አይዘንጋ፤ በርሜሉ ባጠረ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ድምፁም ይብሳል።

243 ዊንቸስተር ርግጫው የ308ን ግማሽ ያህል ነው፤ ለወጣትና ትከሻው ለማይችል ሰው መልካም ነው። ከ95 እስከ 100 ግሬን ያለውን ብቻ ይግዛ፤ ከ55 እስከ 70 ግሬን ያሉት ለቀበሮና ለመሰሉት ተብለው የተሠሩ ናቸው፣ አጋዘን ላይ ቆዳ ሥር ይበተናሉ። ባሌ አይወሰድም።

6.5 ክሪድሞር በ2007 እ.ኤ.አ. የመጣ አዲስ ነው። አረሩ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነፋስ ብዙ አይገፋውም፣ ርግጫውም ከ308 ይለዝባል። ጥሩ ጥይት ነው፤ ዋናው ብልጫው ግን ከ400 ሜትር በኋላ የሚታይ ሲሆን ጫካ ውስጥ አጋዘን የሚተኮሰው ከዚያ እጅግ ባነሰ ርቀት ነው። 308 ያለው ሰው ለዚህ ብሎ ጠመንጃ መለወጥ አያስፈልገውም።

30-30 የ1895 እ.ኤ.አ. ነው፤ 170 ግሬን በ670 ሜትር። በ100 ሜትር ተስተካክሎ በ200 ላይ ሩብ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ ወሰኑ 150 ሜትር ነው። በአብዛኛዎቹ የ30-30 ጠመንጃዎች ጥይቶቹ በበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ስለሚሰለፉ ጫፈ ሹል የብረት ወይም የእርሳስ አረር ከተከተተ የፊተኛውን ማቀጣጠያ ሊመታና ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳ ይችላል። ጫፈ ጠፍጣፋ ወይም ለቱቦ ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ጫፍ ያለው ብቻ ይግባበት።

300 ዊንቸስተር ማግነም 180 ግሬኑን በ900 ሜትር ይልካል። ኃይሉ አያጠያይቅም፤ ርግጫው ግን የ308 አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። የፈራ ትከሻ ቃታው ሳይሳብ ይሸሻል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ አረሩ ሆድ ላይ ያርፋል። መፍራትን ለማወቅ ሌላ ሰው ከጥይቱ መካከል አንድ የልምምድ ባዶ ጥይት ሳይነግር ይቀላቅል፤ ቃታው ሲሳብና ሳይተኩስ ሲቀር አፈሙዙ ከወረደ ተኳሹ እየፈራ ነው። መፍትሔው ወደ 308 መመለስ ነው፤ ይህን ማድረግ ነውር የለበትም።

ስለ ቤልጅግ ይጠየቃል። የቤልጅጉ ጥይት 7.92 በ57 ጀርመናዊ ነው፣ ለአደን ከ30-06 ብዙ የማያንስ። ችግሩ እጅ ላይ ያለው ጥይት የጦር ሠራዊት ትርፍና ያረጀ መሆኑ ነው። አረሩ አይከፈትም፤ ማቀጣጠያው በርሜል የሚያዝግ ጨው ይተዋል፣ በዚያው ቀን በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልተቀባ ዝገት ይጀምራል። የቀለሁ አንገት የተሰነጠቀ ጥይት አይተኮስ። ቃታ ተስቦ ዝም ካለ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዙ 30 ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው፤ ዘግይቶ የሚተኩስ አለ። አሜሪካ የሚሸጠው ፋብሪካዊ 7.92 ደግሞ በርሜላቸው ጠባብ ለሆነ ለጥንቶቹ ጠመንጃዎች ተብሎ ባሩዱ የቀነሰ ስለሆነ ከአውሮፓው ይደክማል። የክላሽ ጥይት ጉልበቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ 2,000 ጁል ያህል ብቻ ነው፤ ወታደራዊ አረሩን ስንጨምርበት ለአጋዘን የሚሆን አይደለም።

ማስተካከሉ ላይ ከፍታ ይነሣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ ቢከፈል አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ሩብ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ አረሩ ብዙ አይያዝም፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል። ይሁን እንጂ ለ308 በ300 ሜትር ከባሕር ጠለል እስከ ጎንደር ያለው ልዩነት ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ከዚህ ይልቅ አዳኝን የሚያሳስተው ቁልቁለት ነው። ወደ ታችም ወደ ላይም ሲተኮስ የሚቆጠረው አግድም ርቀቱ ነው፤ በ30 ዲግሪ ዳገት 300 ሜትር የሚታየው እንስሳ የሚተኮሰው እንደ 260 ሜትር ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ከጀርባው በላይ ይስታል።

የጠመንጃው መነጽር መጀመሪያ በ25 ሜትር ይስተካከል፣ ከዚያ በ100። በሦስት ሦስት ጥይት ይተኮስ፣ በየመካከሉ በርሜሉ ይቀዝቅዝ፤ የጋለ በርሜል አረሩን ሊያንሸራትት ይችላል። በብዙ መነጽሮች የማስተካከያው ቁልፍ ሲዞር የምትሰማው አንዷ ቀጭታ የሚመታበትን ቦታ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ታንቀሳቅሳለች። ሦስቱ ቀዳዳ በቡና ስኒ አፍ ውስጥ ከተካተቱ ለአደን ይበቃል። 308ም 270ም በ100 ሜትር 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ከተስተካከሉ በ200 ላይ መሐል ይመታሉ። የነጭ ጅራቱ አጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የሚመታው ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ሥር አንድ ሦስተኛ ከፍ ብሎ ነው። ከተመታ በኋላ ደሙ ይናገራል፤ ሮዝና አረፋ ያለው ከሳንባ ነው፣ ጠቆር ያለ ቀይ ከጉበት፣ አረንጓዴና ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆድ። ሳንባው ከተመታ ግማሽ ሰዓት፣ ሆዱ ከተመታ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠበቃል፤ ቶሎ የተከተለ ሰው እንስሳውን ያስነሣዋል። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ከባድ ነገር አለ። በክት አይበላምና ብዙ አዳኝ ሳይሞት ደርሶ ለማረድ ይቸኩላል። ቆስሎ የተነሣ እንስሳ ደግሞ ሳይታረድ ይጠፋል፣ ሥቃዩም ይረዝማል። ስለዚህ የሚያርድ ሰው ገና ከመተኮሱ በፊት ተዘጋጅቶ ይቁም፣ ካራው ስሎ በእጁ ይሁን፣ አረሩም በደንብ የሚከፈት ይሁን፤ ልቡና ሳንባው የተመታ አጋዘን ብዙ ሳይሮጥ በዓይን ፊት ይወድቃልና። እየወደቀ ያየው ሰው በጀርባው በኩል ይቅረብ፤ በእግሩና በቀንዱ በኩል አይቅረብ። በእርሳስ አረር ከተመታ በቁስሉ ዙሪያ የደማው ሥጋ በሰፊው ተቆርጦ ይጣል፤ ለሕፃን አይሰጥ።

ሲገዛ አምስት ሳጥን በአንድ ጊዜ፣ የምርት ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነ ይወሰድ፤ ሁለቱ ሳጥን ለማስተካከልና ለልምምድ ያልቃል። ቁጥሩ ሲለወጥ የሚመታበት ቦታ ሊለወጥ ስለሚችል እንደገና መስተካከል አለበት። በርሜሉ ላይ የተቀረጸው ስም ከቀለሁ ቂጥ ላይ ከተጻፈው ጋር በየጊዜው ይመሳከር፤ 308 በ270 ጠመንጃ ውስጥ ከተገፋ አረሩ ከበርሜሉ ይሰፋልና ጠመንጃውን ሊያፈነዳ ይችላል። በአውሮፕላን የሚፈቀደው ለአንድ መንገደኛ ከነማሸጊያው 5 ኪሎ ነው፣ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባ ሻንጣ እንጂ በእጅ አይያዝም። አንድ የ30-06 ጥይት 26 ግራም ያህል ስለሚመዝን ለባሌ ጉዞ 60 ጥይት ከበቂ በላይ ነው፤ ክብደቱም ከነሳጥኑ ሁለት ኪሎ አይሞላም።